ማንም የማይቀድምበት ግልቢያ፦ የዴላክሯ የ1832 የውሃ ቀለም ሥዕል ምን ይነግረናል?

ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ከአንድ የደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም። ፈረሰኞች ጠብመንጃቸውን ከፍ አድርገው ሽምጥ ይጋልባሉ። ከኋላቸው የከተማ ግንብና በር አለ። ሠዓሊው ፈረንሳዊው ኧዤን ዴላክሯ ነው። ከተማዋ የሞሮኮዋ መክነስ ናት። ዓመቱ 1832 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው። ሥዕሉ ዛሬ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ንብረት ነው።

ይህን ሥዕል ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «የፈረስ እሽቅድምድም ነው» ይልና ቀዳሚውን መፈለግ ይጀምራል። አይፈረድበትም። ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ዓይናችን ወዲያው የሚሄደው ፊት ወዳለው ነው። እዚህ ግን ቀዳሚ የለም። እንዲያውም ከጓደኞቹ ተለይቶ የቀደመ ፈረሰኛ ጨዋታውን አበላሸ ነው የሚባለው።

ጨዋታውን ሞሮኮዎች ተቡሪዳ ይሉታል። ፈረንጆች ፋንታዚያ ብለው ሰይመውታል፤ በሥዕሉ ርዕስ ላይ ያለውም ይኸው ስም ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሶርባ የሚባል ቡድን ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ፈረሰኞች ይኖሩታል። መሃል ላይ ሙቀደም የሚሉት አለቃ አለ። ቡድኑ መጀመሪያ ረጋ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይቀርባል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ጠብመንጃውን እያሽከረከረ ያሳያል። ከዚያ ወደ ሜዳው ጫፍ ተመልሶ ጎን ለጎን ይሰለፋል። አለቃው ይጮሃል። ሁሉም ባንዴ ይነሳሉ። ሜዳው አጭር ስለሆነ ግልቢያው ገና ከመጀመሩ ያልቃል። መጨረሻው ላይ እርካባቸውን ረግጠው ቀጥ ይላሉ፣ በአለቃው ምልክት ይተኩሳሉ፣ ወዲያው ልጓም ስበው ይቆማሉ። ጠብመንጃው የጎረሰው ባሩድ ብቻ ነው፤ ጥይት የለውም።

ተመልካቹ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው የተኩሱን ድምፅ ነው። ሃያ ሰው ተኩሶ ጣ ጣ ጣ የሚል ነገር ከተሰማ ቡድኑ አልተሳካለትም ማለት ነው። ሃያው ተኩስ እንደ አንድ መድፍ «ድም!» ካለ ሜዳው በእልልታ ይናጋል። ይህ ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት። ጠብመንጃው በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ የድሮ ዓይነት ነው። ሰውየው በርካብ ላይ ቆሟል። ከግራና ከቀኙ ያሉት ፈረሶች ጉልበቱን ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም። ፈረሱ ደግሞ ጆሮው ሥር ያን ሁሉ ባሩድ ሰምቶ ሳይደነብር፣ ከመስመሩ ሳይወጣ፣ ከጥቂት እርምጃ በኋላ መቆም አለበት። ለዚህ የሚመረጠው በርብ የሚባለው የሰሜን አፍሪካ ፈረስ ወይም ከዓረብ ፈረስ ጋር የተዳቀለው ነው። በአጭር ርቀት ተፈናጥሮ በመነሳትም በጽናትም የሚታወቅ ዝርያ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ቅርቡ ጉግስ ነው። ልዩነት ግን አለው። ጉግስ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ አንዱ እያሳደደ ይወረውራል፣ ሌላው እየሸሸ በጋሻው ይመክታል። ጎበዙ ተለይቶ ይታወቃል፣ በስሙ ይዘፈንለታል። ተቡሪዳ ላይ ባላጋራ የለም፣ ጎበዙም የሚለካው ከሌላው ጋር እኩል በመሆኑ ነው። ሆኖም ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው አንድ የጋራ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ሁለቱም ውስጥ ጦርነት አለ።

የሰሜን አፍሪካ ፈረሰኛ ለዘመናት ሲዋጋ የኖረው በዚህ ስልት ነው። ግር ብሎ ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ጠላት ሳይደርስበት ይመለሳል። ራቅ ብሎ ያጎርሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ባንዴ መተኮስ ያስፈለገው ለጆሮ ስለሚጥም አልነበረም። ተራ በተራ የተተኮሰ ጥይት ጥቂት ሰው ይጥላል፤ ባንዴ የተተኮሰ ግን የፊቱን ሰልፍ ይበትናል። ሰላም ሲሆን ያው ልምምድ ወደ ሠርግ፣ ወደ መኸር፣ ሙሴም ወደሚባሉት የቅዱሳን ሰዎች መታሰቢያ በዓላት ገባ። የክብር እንግዳ ሲመጣም በዚሁ ይቀበሉታል።

የዴላክሯ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እሱም እንግዳ ነበር።

እንግዳው ግን ተራ እንግዳ አልነበረም

በ1830 ክረምት ፈረንሳይ አልጀርስን ያዘች። ይህ ለጎረቤቱ ለሞሮኮ ሱልጣን ለሙላይ አብደረህማን የሩቅ ወሬ አልነበረም። በምዕራብ አልጄሪያ ያለችው የትለምሰን ሰዎች ጠብቀን ብለው ወደ እሱ ዞረዋል። ፈረንሳዮች ደግሞ ሱልጣኑ ጣልቃ እንዳይገባ ፈለጉ። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ልዑክ ላከ። የልዑኩ መሪ ኮንት ሻርል ደ ሞርኔ የሚባል ዲፕሎማት ነበር። ዴላክሯ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሹመትም ሥራም የለውም። ለረጅሙ መንገድ ጥሩ ጓደኛ ይሆናል ተብሎ ነው የተወሰደው። ያኔ 33 ዓመቱ ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ ስሙ ተነስቷል፣ ሰሜን አፍሪካን ግን አይቶ አያውቅም።

ጃንዋሪ ላይ ታንጂር ደረሱ። ማርች 5 ወደ መክነስ ተነሱ፣ ማርች 15 ገቡ። ከሳምንት በኋላ፣ ማርች 22 ቀን፣ ሱልጣኑ ተቀበላቸው። በመንገዱ ሁሉ ከአንዱ ገዥ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገሩ የአካባቢው ፈረሰኞች እየወጡ በባሩድ ጨዋታ ይቀበሏቸው ነበር። ዴላክሯ ተቡሪዳን ያየው እንግዲህ እንደ ቱሪስት ተቀምጦ ሳይሆን ግልቢያው ወደ እሱ እየመጣ፣ ፊቱ እየተተኮሰ ነው።

አቀባበሉ ክብር መሆኑ አያጠራጥርም። እንግዳን ባዶ ሜዳ ላይ መቀበል ነውር ነው። ግን ጎረቤት አገር ከያዘች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት መንግሥት ወኪል አፍንጫ ሥር ያን ሁሉ ጠብመንጃ ማስጮህ ሌላም መልእክት አለው ባይ ነኝ። «እንኳን ደህና መጣህ፤ ያለንንም እየው» እንደማለት ነው። ሥዕሉ ላይ የምናየው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ወሸባ ውስጥ የተሠራ ሥዕል

ዴላክሯ በጉዞው ሁሉ ትንንሽ ደብተሮች ከእጁ አልተለዩም። በእርሳስ ቶሎ ቶሎ ይነድፋል። ሲመቸው ቀለም ጣል ያደርግበታል። ሳይመቸው ደግሞ ከንድፉ ጎን በቃል ይጽፋል፦ ይሄ ቀይ፣ ያኛው ነጭ፣ ጥላው ሰማያዊ ዓይነት። ከተረፉት ደብተሮች አንዱ ሻንቲዪ በሚገኘው የኮንዴ ሙዚየም አለ፤ ሉቭርም ድርሻ አለው። እነዚያን ገጾች ያየ ሰው ዛሬ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ መንገደኛን ያስታውሳል፤ በርን፣ ኮርቻን፣ የሰው ቀሚስን፣ አንድም አያመልጠውም።

የፈረሰኞቹ ሥዕል ግን መክነስ በር ላይ ቆሞ የተሠራ አይደለም። ልዑኩ በኦራንና በአልጀርስ ዞሮ በጁላይ መጀመሪያ ቱሎን ወደብ ሲደርስ ወሸባ ገባ። ከዚያ አካባቢ የመጣ መርከብ ተሳፋሪዎች በሽታ ይዘው እንዳይሆን ለሁለት ሳምንት ያህል ይታገዱ ነበር። ዴላክሯ ያንን ጊዜ 18 የውሃ ቀለም ሥዕሎች ሠራበትና ለሞርኔ ሰጠው። የመክነሱ ግልቢያ ከእነዚያ አንዱ ነው። አልበሙ ኋላ በሐራጅ ተሽጦ ተበታትኗል። እኛም በኮቪድ ጊዜ ወሸባ የገባን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞ የወጣ ግን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የምናየው ነገር በዓይን የታየ ቢሆንም ከወራት በኋላ፣ ከደብተርና ከትዝታ ተቀናብሮ የተሠራ ነው። ያንን ስናውቅ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። የተቡሪዳ ዋና ነገር ቀጥ ያለው መስመር ነው። መስመሩ የሚታየው ደግሞ ከፊት ለቆመ ሰው ነው፣ ማለትም ለእንግዳው። ዴላክሯ ግን ግልቢያውን ከጎን አዞረው። ከጎን ሲታይ ሰልፉ ይጠፋል፤ ፈረስ በፈረስ ላይ፣ ክንድ በክንድ ላይ ይደራረባል። ፓሪስ ላለ ተመልካች ይህ ማዕበል ይመስለዋል፣ ልጓም የበጠሰ ኃይል ይመስለዋል። መክነስ ላለ ተመልካች ግን ያ ሁሉ ሥርዓት ነበር። እዚህ ላይ ከሠዓሊው ጋር አልስማማም። ሥዕሉ ውብ ነው፤ የጨዋታውን ልብ ግን ስቶታል። ሮማንቲክ የሚባለው፣ ስሜትን ከሥርዓት የሚያስቀድመው የጥበብ ዘመን ሠዓሊ ሁከትን እንደ ውበት ስለሚያይ ዲሲፕሊኑ አልታየውም፣ ወይም ሊያየው አልፈለገም።

እሱ ራሱ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1853፣ በማስታወሻው ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አስፍሯል። የአፍሪካ ጉዞው ለሥዕል የሚረባ ነገር መስጠት የጀመረው ጥቃቅኑን ነገር ረስቶ ልብ የሚነካው ብቻ ሲቀርለት እንደሆነ ይናገራል። በሌላ አባባል መርሳት የሥራው መሣሪያ ነበር። የወሸባው ሥዕል በደብተሩና በመርሳቱ መካከል ያለ ነው። በዚያው በ1832 ሞንፔሊዬ ፋብር ሙዚየም ያለውን፣ በ1833 ደግሞ ፍራንክፈርት ሽቴደል ሙዚየም ያለውን የዘይት ቀለም ሥዕል በዚሁ ጉዳይ ሠርቷል። እነዚያ ይበልጥ ይጮሃሉ። እኔ ትንሿን እመርጣለሁ።

የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ቀለሙ ነው። የውሃ ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም፣ ሙጫና ውሃ ነው። ሙጫው ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ነው፤ ሱዳን በዓለም ትታወቅበታለች፣ ከእኛም ቆላ ይሰበሰባል። ውሃው ሲተን ሙጫው ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል። ንብርብሩ ስስ ስለሆነ ብርሃን አልፎት ወረቀቱን መትቶ ይመለሳል። የሥዕሉ ብርሃን የሚመጣው ከሥር፣ ከወረቀቱ ነው። ነጭ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ምንም አይቀባም፤ ወረቀቱን ይተወዋል። ነጭ በርኖስ፣ አቧራና ጭስ ለበዛበት ጉዳይ ይህ እንዴት እንደሚስማማ ተመልከቱ። የድሮ ባሩድ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ የተሠራ ነው። ሲቃጠል ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይቀየርም፤ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ያን የመሰለ ወፍራም ነጭ ጭስ የሚመጣው ከዚያ ነው። በዘይት ቀለም ጭስ ለመሥራት ነጭ ቀለም መከመር አለብህ። በውሃ ቀለም እጅህን መሰብሰብ በቂ ነው። ችግሩ መሰብሰቡን ቀድመህ ማወቅ አለብህ፤ አንዴ የቀባኸውን ወደ ወረቀት መመለስ አይቻልም።

ዴላክሯ ይህን ጥበብ የቀሰመው ከእንግሊዝ ጓደኞቹ ነው፤ በተለይ በለጋነቱ ከሞተው ከሪቻርድ ቦኒንግተንና ከፊልዲንግ ወንድማማቾች። ያን ጊዜ በውሃ ቀለም እንግሊዞች ይመሩ ነበር። ለመንገደኛም የሚመች ነው። ሳጥኑ ኪስ ይገባል፣ ሥዕሉ በደቂቃዎች ይደርቃል።

አሁን ወደ ፈረሶቹ እግር። በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ግልቢያን የሚሥሉበት የታወቀ ልማድ ነበራቸው። የፊት እግሮች ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮች ወደ ኋላ ተዘርግተው ፈረሱ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ዝነኛው ምሳሌ በ1821 ቴዎዶር ጄሪኮ የሣለው፣ ኤፕሶም ደርቢ የሚባለው የእንግሊዞች የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕል ነው፤ እሱም ሉቭር አለ። ጄሪኮ የዴላክሯ ወዳጅ ነበር፣ በፈረስ ፍቅርም ያበደ ነበር። ሮም በካርኒቫል ሰሞን ሰው ያልተቀመጠባቸው ፈረሶች የሚሮጡበትን ውድድር በ1817 አይቶ ደጋግሞ ሥሎታል። እንዲህ ፈረስ የሚያውቅ ሰው እግሩን ግን ተሳሳተ። ፈረስ በእንዲህ ዓይነት አቋም ጨርሶ አይጋልብም።

ይህ የታወቀው በ1878 ነው። ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚባል ፎቶግራፈር በካሊፎርኒያ፣ በሀብታሙ ሊላንድ ስታንፎርድ ጥያቄ፣ ካሜራዎች ደርድሮ የጋላቢ ፈረስን እንቅስቃሴ በተከታታይ አነሳ። አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት በእርግጥ አለ። ያ ቅጽበት ግን እግሮቹ ሆድ ሥር በተሰበሰቡበት ጊዜ ነው፤ ተዘርግተው ሳሉ አይደለም። የሰው ዓይን ይህን ለመያዝ አይፈጥንም። ዴላክሯ የሞተው በ1863 ነው፤ ፎቶውን አላየም። ሆኖም በሥዕሎቹ ላይ የምናያቸው የተዘረጉ እግሮች አለማወቅ ብቻ አይደሉም። ፎቶው ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ፈረሱ የተሰናከለ ያስመስለዋል። የተሳሳተው ሥዕል ግን ይጋልባል። ለምን እንደዚያ እንደሚሰማን እስካሁን ሰው ይከራከርበታል።

ፓሪስ ሄዳችሁ ይህን ሥዕል ግድግዳ ላይ ካጣችሁት አትቆጡ። በወረቀት ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም የብርሃን ጠላት ነው። ስስ ስለሆነ ብርሃን ቀለሙን በቀላሉ ያነጣዋል፤ በተለይ አንዳንድ ቀዮች ቶሎ ይከዳሉ። ስለዚህ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያሳዩት በ50 ሉክስ ገደማ ብርሃን ነው። ያ ማለት አምፖል የደከመበት ሳሎን ነው። ያውም ለጥቂት ወራት። ከዚያ ለዓመታት ጨለማ ሣጥን ውስጥ ያርፋል። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ቅጂ ደግሞ በብሩህ ስክሪን ስለሚመጣ ከእውነተኛው ይልቅ ይደምቃል።

ሞርኔ የሄደበት ጉዳይ ለጊዜው የተሳካ መሰለ። ሱልጣኑ ከትለምሰን እጁን ለመሰብሰብ ተስማማ። ግን በአልጄሪያ ጦርነቱ አልቆመም። የአልጄሪያው መሪ አሚር አብደልቃድር እየተዋጋ ወደ ሞሮኮ ሲሸሽ ፈረንሳዮች ድንበር ተሻገሩ። ኦገስት 14 ቀን 1844 በኢስሊ ወንዝ አጠገብ የማርሻል ቡዦ ጦር ከሞሮኮ ፈረሰኞች ጋር ገጠመ። ሞሮኮዎቹን የመራው የሱልጣኑ ልጅ ሲዲ መሐመድ ነበር። ቁጥራቸው ከፈረንሳዮቹ እጅግ ይበልጣል። የመጡትም በለመዱት ስልት ነው፤ ግር ብሎ መምጣት፣ መተኮስ፣ መመለስ። እግረኛው ፈረንሳይ ግን በአራት ማዕዘን ተሰልፎ፣ መድፍ ይዞ ጠበቃቸው። ፈረስ ወደ ተሰካ ሳንጃ አይገባም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አለቀ። በሥዕሉ ላይ የምናየው ኃይል በ12 ዓመት ውስጥ የጦር ሜዳ ዋጋውን አጣ ማለት ነው። ዴላክሯ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1845፣ ሱልጣኑን በፈረስ ላይ በግርማ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ለፓሪስ ሕዝብ አቀረበ። ሥዕሉ ዛሬ ቱሉዝ ነው ያለው። ያቺ የ1845 ሥዕል ላይ የኢስሊ ሽንፈት ጥላ እንኳ የለም።

ተቡሪዳ ግን አልሞተም። የጦር ጥቅሙ ሲቀር በዓሉ ቀረለት። ከመንደር ሙሴም እስከ ብሔራዊ ውድድር ድረስ ዛሬም ይካሄዳል፤ ኤል ጀዲዳ ከተማ ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የፈረስ ትርኢት ላይ ዋናው መስህብ እሱ ነው። የሴቶች ቡድኖችም አሉ። ዩኔስኮ በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ፈረስ፣ ኮርቻና ልብሱ ውድ ስለሆነ አንድን ሶርባ አደራጅቶ መያዝ ግን ቀላል ወጪ አይደለም፤ ብዙው ሙያ የሚሄደው ከአባት ወደ ልጅ ነው።

በቪዲዮ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ከጎን የተቀረጸውን እለፉት። ከፊት ለፊት የተቀረጸ ፈልጉና መጀመሪያ የፈረሶቹን ደረት ብቻ ተመልከቱ፤ መስመሩ ከታጠፈ ወዲያው ይታያችኋል። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ተኩሱን ስሙ። አንድ ከሆነ ጎበዞች ናቸው። ሁለት ሦስት ከሰማችሁ የሜዳውም ሰው ሰምቷል፣ ሙቀደሙም ፊቱን አጨማዷል።